ስፓኒሽ ልማር ሄጄ የሰው ቤት ልጅ ሆንኩ

በ56 ዓመቴ የቆሎ ተማሪ ሆንኩ ብል ማን ያምነኛል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ልዩነቱ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ በየደጁ መቆሜ ቀርቶ የምበላበትንና የማድርበትን ቤት ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ መርጦልኝ፣ ሒሳቡንም ከፍዬ መሄዴ ብቻ ነው። አገሩ ጓቴማላ፣ ከተማው አንቲጓ፣ ዘመኑ 2017፣ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ምን ልትሠራ ሄድክ ለምትሉኝ፣ ያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ነርስ ነበርኩ። እኛ አበሾች በዚህ ከተማ ከስፓኒሾቹ ጋር ያልተጎራበትንበት ቦታ የለም። አዳምስ ሞርጋን በሉት፣ ኮሎምቢያ ፓይክ በሉት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት፤ የኛ ምግብ ቤት ካለበት አጠገብ የነሱ ፑፑሳ ቤት አለ። የኛው ወጥ ቤት ውስጥ ሳይቀር ሽንኩርት የሚከትፉልን እነሱ ናቸው። ታዲያ ከ"አሚጎ" ያለፈ ቃል የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ሌሊት አንድ በሽተኛ ሽማግሌ አንዲት ነገር ሲደጋግሙብኝ አደሩ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልሆነም። ትራሱን አስተካከልኩ፣ አልሆነም። መብራቱን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጠዋት አስተርጓሚ ሲመጣ ለካ የጠየቁኝ እግራቸውን እንዳለብሳቸው ኖሯል። በርዷቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብሱ እግራቸው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጦ፣ እኔ አጠገቡ ስመላለስ! ይህች ነገር እንደ እሾህ ውስጤ ቀረች።

የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስተማረኝ ኩባ ያደገ ወዳጄ ነው። ከ1977-78ቱ የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችን፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የወደቁባቸው፣ ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያ እንደተማሩ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ይህ ሰው ከነሱ አንዱ ነው። ዛሬ ታክሲ ይነዳል፤ ሲናደድ የሚሳደበው ግን በስፓኒሽ ነው። ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ስንማማር ከረምን። ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ኩባዎች የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን "ስ" እንደሚውጧት ነው። አንቲጓ ገብቼ አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ ሳቀ። አንድ ሐበሻ ከቨርጂኒያ ተነስቶ በሃቫና አነጋገር ሲያወራ ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁማ!

አንቲጓ ከዋናው ከተማ ከጓቴማላ ሲቲ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ የአዋሳን አየር ይመስላል፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስመኛል። በማርች ወር ጃካራንዳው በየመንገዱ ሐምራዊ ሆኖ ያብባል፤ የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ ሥር ቆሞ አገሩን ማስታወሱ አይቀርም። ሦስት የእሳተ ገሞራ ተራሮች ይጠብቋታል። በደቡብ በኩል "አጉዋ"፣ ውሃ ማለት ነው፣ እንደ ጉልላት ሾጦ ቆሟል። በምዕራብ በኩል "አካቴናንጎ" እና "ፉዌጎ" አሉ። ፉዌጎ እሳት ማለት ሲሆን ስሙን የሚያሳፍር ተራራ አይደለም፤ በየሰዓቱ እንደ ሽማግሌ እያሳለ ጭስ ይተፋል። በመጀመሪያው ሌሊት ድምፁን ስሰማ መድፍ መስሎኝ ከአልጋዬ ወረድኩ። እኔ ከተመለስኩ ከዓመት በኋላ ጁን 3 ቀን 2018 ይኸው ተራራ ፈንድቶ በማዶ ግርጌው ያለችውን ሳን ሚጌል ሎስ ሎቴስ የምትባል መንደር ከነነዋሪዎቿ ቀብሯታል።

ከተማዋ ራሷ የተሰደደች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ስፓኞች ከዚያ በፊት የቆረቆሩትን ከተማ በ1541 ከአጉዋ ተራራ የወረደ ጎርፍና ጭቃ ሲያጠፋው ሸሽተው በ1543 አሁን ባለችበት ሰፈሩ። ከ200 ዓመት በላይ የመካከለኛው አሜሪካ ዋና ከተማ ሆና ኖረች። በ1773 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አብያተ ክርስቲያናቱንና ገዳማቱን ጣላቸው፤ መንግሥትም በ1776 ዋናውን ከተማ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። ሕዝቡ እንዲለቅ ቢታዘዝም ሁሉም አልሄደም። የቀሩት ሰዎች ፍርስራሹ መካከል ኖሩ፤ ከተማዋም "አንቲጓ"፣ አሮጊቷ፣ ተባለች። ዛሬም ጣሪያቸው የወደቀ ካቴድራሎች መካከል ሣር በቅሎ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እንዲያውም የፋሲል ግቢና አንቲጓ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት በ1979 ነው። ይህን ለአስተማሪዬ ስነግረው መዝገቡን ካላየሁ አላምንም አለኝ፤ አየና አመነ።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የ70 ዓመት ባልቴት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። በአገሩ ደንብ "ዶኛ" እላቸዋለሁ፤ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቤቱ ከውጭ ሲታይ አንድ ረጅም ግንብና አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ሰማይ የሚታይበት ግቢ አለ፤ ክፍሎቹ ዙሪያውን ናቸው፤ ቡገንቪሊያ ግንቡ ላይ ይንጠለጠላል። ጥግ ላይ "ፒላ" የሚሉት ባለ ሦስት ክፍል ገንዳ አለ፤ መካከሉ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ በአንዱ ጎን ሳህን በሌላው ጎን ልብስ ይታጠባል። የቤቱ ወሬ ሁሉ የሚወራው እዚያ ነው። ከዶኛ ጋር ሴት ልጃቸውና ሁለት የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ተማሪ ተብለን የገባነው እኔና ከኦሃዮ የመጣ የ20 ዓመት ፈረንጅ ነን።

ስፓኒሽ ከፈረንጁ ይልቅ ለኛ የሚቀልበት ቦታ አለ። ይኸውም አክብሮቱ ነው። "ኡስቴድ" እርስዎ ማለት ነው። "ቦስ" ጓደኛሞች የሚባባሉት አንተና አንቺ ነው። "ቱ" የምትባለዋ በመካከል ትወላውላለች። ፈረንጁ ልጅ መጽሐፉ ላይ ቀድሞ ያገኘው "ቱ"ን ስለሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ራት ላይ እኚያን አሮጊት "ጨው አቀብዪኝ" አላቸው። እኔን ጉርሻዬ አነቀኝ። ዶኛ ጨውን ሰጡትና ወደኔ ዞረው በዓይናቸው ሳቁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔና እሳቸው ያለ ብዙ ቋንቋ ተግባባን። እኔን "ሚሆ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። የሚበልጡኝ በ14 ዓመት ነው፤ ሽበቱስ የኔው ይበዛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌላ ሰው የጠሩ እየመሰለኝ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር።

የማዕዳቸው ሥርዓት ደስ ይላል። በልቶ የሚነሳ ሰው ለተቀመጡት ሁሉ "ግራሲያስ" ይላል፤ የቀሩት "ብዌን ፕሮቤቾ" ብለው ይመልሱለታል። ምግቡን የሠራውም ያልሠራውም እኩል ይመሰገናል። መንገድ ላይ የሚበላ ሰው አጠገብ የሚያልፍ እንግዳም ይህንኑ ብሎ ያልፋል፤ የኛን "እንብላ" ሳያስታውሰኝ ቀርቶ አያውቅም። "ፕሪሜሮ ዲዮስ" የምትባል ቃል ደግሞ አለቻቸው፤ እግዚአብሔር ካለ ነች፤ ስለ ነገ የሚወራ ነገር ሁሉ ያለሷ አይነገርም። ሌላዋ "ፊሄሴ ኬ" ናት። ልብ ይበሉ እንደማለት ነው፤ ነገር ግን ከሷ በኋላ መልካም ወሬ አይከተልም። "ፊሄሴ ኬ" ከተባለ ወይ ውሃው ሄዷል፣ ወይ አውቶቡሱ ቀርቷል፣ ወይ የተበደሩት ገንዘብ ዛሬ አይመለስም።

ጾም ላይ መሆኔን ስነግራቸው ቤቱ ታወከ። እነሱም ካቶሊኮች ስለሆኑ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣ ይፈቀዳል። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እስከ ቀትርም እህል የለም ስላቸው ዶኛ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ታዲያ በምን ቆመህ ትሄዳለህ?" አሉኝ። ጥቁሩ ባቄላ፣ ፍሪሆል የሚሉት፣ ያድነኛል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሚጠበሰው በአሳማ ስብ እንደሆነ በዓይኔ አየሁ። ያለፈውን ይቅር ይበለኝ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኔ ብቻ በዘይት የሚሠራ ትንሽ መጥበሻ ተለየ፤ ማንም እንዳይነካው ለልጅ ልጆቹ ትእዛዝ ወጣ። በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው ፈጭተው፣ ሊጡን በሁለት መዳፍ እያጨበጨቡ ጠፍጥፈው "ኮማል" ላይ ይጋግሩታል። ኮማል ከሸክላ የተሠራ ምጣድ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ከመኝታዬ የሚቀሰቅሰኝ ያ የመዳፍ ጭብጨባ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ "ፔፒያን" የተባለው ወጣቸው ነው። የዱባ ፍሬና ሰሊጥ ይቆላል፤ ቲማቲምና የደረቀ ቃሪያ ኮማሉ ላይ እስኪያር ይጠበሳል፤ ሁሉም ተፈጭቶ ጥቁር ቀይ ወፍራም መረቅ ይሆናል። ወትሮ በዶሮ ነው። ዶኛ ለኔ በድንችና በካሮት ሠሩልኝ። መጀመሪያ የቀመስኩ ዕለት አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ልጅቷ ያልጣፈጠኝ መስሏት ጨው አቀረበችልኝ።

ቡናውን ግን ዝም አላልኩም። አንቲጓ በዓለም የታወቀ ቡና የምታበቅል አገር ናት። ቡናው ከከተማው ዳር ጀምሮ በግራቪሊያ ዛፍ ጥላ ሥር ይታያል፤ አዎ፣ እኛው የምናውቀው ግራቪሊያ። ጥሩ ጥሩው ግን ወደ ውጭ ይላካል፤ ባላገሩ የሚጠጣው የቆርቆሮ ዱቄት ወይም ቀለም ብቻ ያለው ውሃ ነው። ከቡናው ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ከቡናው ይመራል። በ1870ዎቹ መንግሥት የማያ ተወላጆችን የጋራ መሬት ለቡና ተክል እየሰጠ፣ በ1877 ባወጣው ደንብ ደግሞ ሰዎቹን በግድ ለቀማ ያስወጣቸው ነበር። የጌታና የጭሰኛ ነገር ለኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማንኛውም፣ እኔ ከገበያ ጥሬ ቡና ገዛሁና ኮማሉ ላይ ቆላሁት። ጭሱ ግቢውን ሲሞላ ጎረቤቶች አጥር ላይ ወጡ። ጀበና ስላልነበረ በድስት አፈላሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ሦስት ጊዜ ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቡና ማፍላት የኔ ሥራ ሆነ።

ትምህርቱ አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀትር አትክልት ቦታ ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛ ይዘን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። መደበቂያ የለም። ከሁሉ ያስቸገረኝ የ"ነኝ" ነገር ነው። እነሱ ሁለት "ነኝ" አላቸው፤ "ሶይ" የሰው ማንነት ነው፤ "ኤስቶይ" ግን ለሁኔታ ነው፣ አሁን ያለና ሊያልፍ የሚችል። አንድ ቀን ራስህን ግለጽ ሲለኝ "ኤስቶይ ስደተኛ" አልኩት። "ከአገርህ ከወጣህ ስንት ዓመት ሆነህ?" አለኝ። በ1983 በሱዳን በኩል የወጣሁ ነኝ፤ 34 ዓመት አልኩት። "እንግዲያስ ሶይ በል" አለኝ። አልልም አልኩት። እሱ ሰዋስው መስሎት በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ያስረዳኛል፤ እኔ ደግሞ ጋዳሪፍ ላይ የታሰረች ሻንጣ ይታየኛል። ሰዓቱ አልቆ ተነሳን። እስከ መጨረሻው ቀን እሱ "ሶይ" እያለ ያርመኛል፣ እኔ "ኤስቶይ" እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዶኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለ፤ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩ ጆሮውን የሸፈነ። ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የኔ ዘመን ሰው እንደዚያ ያለ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሲያይ አይጠይቅም፤ እኛም ቤት እንዲህ ያለ ነበረ። በአራተኛው ሳምንት ራሳቸው ነገሩኝ። ወንድማቸው ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1982 ከመንገድ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ጓቴማላ ከ1960 እስከ 1996 በእርስ በርስ ጦርነት ነበረች፤ በ1999 የወጣው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ የሞቱትንና የተሰወሩትን ከ200,000 በላይ ናቸው ብሏል። በ2005 ደግሞ ወደ 80 ሚሊዮን ገጽ የሚሆን የብሔራዊ ፖሊስ ሰነድ ዋናው ከተማ ውስጥ በሻገተ ሕንፃ ተከምሮ ተገኘ። ዶኛ ሄደው ጠየቁ። የወንድማቸው ስም አልተገኘም። "ይኸው 35 ዓመት፣ ሻማ ላብራለት ወይ አላብራለት አላውቅም" አሉኝ።

ይህን የነገሩኝ ስለ ወንድማቸው ብለው አልነበረም። የሚፈልጉት ስለ ልጃቸው ሊጠይቁኝ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው በ2003 በ19 ዓመቱ በሜክሲኮ በኩል አድርጎ ሜሪላንድ ገብቷል፤ ወረቀት የለውም። ጣሪያ ሠራተኛ ነው። በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ ይደውላል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን በስልኩ ፊቱን አሳይቷቸው አያውቅም። ካሜራው ተሰብሯል ይላል። "ስንት ስልክ ነው የሚሰበረው ሚሆ? ድምፁ ይመጣል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ ፊቱ አይመጣም። አንተ እዚያ ነው የምትኖረው። ሰው ለምን ፊቱን ይደብቃል?"

አንባቢ ሆይ፣ መልሱን አውቀው ነበር። ልጃቸውን አላውቀውም፤ ነገሩን ግን አውቀዋለሁ። እኔ ካርቱም ላይ ሲሚንቶ ተሸክሜ እያደርኩ ለእናቴ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብዬ ጽፌአለሁ። ክራቫት ከጓደኛ ተውሼ ፎቶ ተነስቼ ልኬላታለሁ። እሷም መታመሟን ደብቃኛለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተማክሮ ነው የደበቀኝ። በ1989 ሞታ እኔ የሰማሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ አንድ እሑድ ንጋት ላይ ወዳጆቼ ተሰብስበው በሬን ሲያንኳኩ። ሐኪም ልጅ አለኝ እያለች ሞተች አሉኝ፤ ለማጽናናት ነው የነገሩኝ።

ለዶኛ ግን "ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ" አልኳቸው። ቆጣ አሉ። "ግምት አልጠየቅኩህም። ስትመለስ ፊቱን አይተህ ያየኸውን ትነግረኛለህ። ማል" አሉኝ። ባላየሁት በእናቴ መቃብር ማልኩ።

ሰሞነ ሕማማት እንዲህ ሆኖ ደረሰ። በዚያ ዓመት የኛና የነሱ ፋሲካ ኤፕሪል 16 ላይ ገጥሞ ነበር። አንቲጓ በዚያ ሳምንት የምትሆነውን በጽሑፍ መንገር ያስቸግራል። ጎረቤት ሁሉ ሌሊቱን ተንበርክኮ በቀለም በተነከረ የእንጨት ሰጋቱራ፣ በአበባና በጥድ ቅጠል የድንጋዩን መንገድ ምንጣፍ ያለብሰዋል። እኛም በር ላይ ዶኛ፣ ልጃቸው፣ ልጆቹና እኔ ስንሠራ አደርን፤ እኔ የላሊበላን መስቀል ጥግ ላይ አወጣሁ። ዓርብ ሌሊት ከላ ሜርሴድ ቤተ ክርስቲያን የተነሳው የጌታ ሥዕለ ምስል በብዙ አሥር ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ፣ በዕጣን ጭስ ተከቦ እየተወዛወዘ መጣ። ተሸካሚዎቹ ሐምራዊ ለብሰዋል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጥቁር ይለብሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ የደከምንበትን ምንጣፍ በጥቂት ደቂቃ ረግጠውት አለፉ፤ ከኋላ ጠራጊዎች ተከተሉ። ፈረንጁ ልጅ "እንዴ! ጠፋ እኮ!" ብሎ ጮኸ። ዶኛ መጥረጊያ አንስተው በራቸውን መጥረግ ጀመሩ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ስሰግድ ዋልኩ። ትንሿ የልጅ ልጅ በበሩ ቀዳዳ እያየች ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ለወጥ ቤቱ ትዘግብ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ስነሳ ዶኛ ጥቅል ሰጡኝ። ወገኖቼ፣ በርበሬና ሽሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያልተሸከመ አበሻ የለም፤ እኔም ለሰው በርበሬ ስሸከም አርጅቻለሁ። ይህኛው የተቆላ የዱባ ፍሬ ዱቄት፣ ሰሊጥና የደረቀ ቃሪያ ነበር። ያው ነው ሽታው።

ረቡዕ ማታ ላንግሊ ፓርክ ሄድኩ። አራት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል በሩን የከፈተልኝ ሰው ኮፍያውን ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። ሲቀመጥ አየሁት። በ2015 ከጣሪያ ወድቆ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጠባሳው ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ወርዷል። ያሠራው ሰው ሆስፒታል በር ላይ አውርዶት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም። በዚያ ዓመት ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥበት ጊዜ ስለነበር ማንንም አልከሰሰም። ጥቅሉን ፈትቶ አፍንጫውን ከተተበት። ብዙ ቆየ። ከዚያ "ዶን፣ ደህና ነው ይበሉልኝ፤ ወፍሯል ይበሏት" አለኝ።

እኔም ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ክራቫቱ ነገርኩት። "ምያለሁ" አልኩት። "እስከ እሑድ ዝም እላለሁ። እሑድ አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።" ተቆጣ፤ ማን ነው በቤተሰቤ ጉዳይ ያስገባዎት አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አላስገባኝም፤ ስድስት ሳምንት በልቼበት ነው እንጂ። ሳንሰነባበት ወጣሁ።

እሑድ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነበር። ሌሊት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አነሳሁ። ዶኛ ናቸው። ልጁ ደውሎ "ፊሄሴ ኬ፣ እማማ" ብሎ ጀምሮ ካሜራውን ከፍቶታል። አላለቀሱም፤ ወይም አልቅሰው ጨርሰዋል።

"ያየኸው መቼ ነው?" አሉኝ።

"ረቡዕ።"

"ዛሬ እሑድ ነው። አራት ቀን ሙሉ አውቀህ ዝም አልክ። የማልከው ለኔ ነው ወይስ ለሱ?"

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ በሚለው ቃል ላይ ስንት ግስ እንዳለ ያን ጊዜ ጠፋኝ። እሳቸው ትንሽ ዝም ብለው "በቀረው ዓይኑ መኪና መንዳት ይችላል?" አሉኝ። ይችላል፣ እንደሱ የሚነዱ አውቃለሁ አልኳቸው።

"ፔፒያኑንስ ሠራው?"

"አልሠራም ዶኛ። ክፍላቸው ውስጥ ደህና ድስት የለም።"

"እንግዲያስ ድስት ግዛለት። ትልቁን። አራት ናቸው ብሎኛል።"

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ገዝቼ ወሰድኩለት።